የአክሲዮን ባለቤትነት መግለጫዎችን የሚፈልግ መሣሪያ፣ መመሪያው እንዴት ይጻፍ?

በደብረ ማርቆስ ለሂሳብ አያያዝ፣ ለኢኮኖሚክስና ለኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

ዛሬ የምናገረው ጠባብ ስለሚመስል አንድ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው የኩባንያ ስም ጽፎ «የዚህ ኩባንያ አክሲዮን በእነማን እጅ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጥ የመረጃ መፈለጊያ መሣሪያ አለ እንበል። መሣሪያው መልሱን የሚያገኘው ባለሀብቶች፣ ገንዘብ አስተዳዳሪ ተቋማትና የኩባንያ ኃላፊዎች በሕግ ተገደው ለተቆጣጣሪ አካል ካቀረቧቸው የይዞታ መግለጫዎች ነው። መሣሪያውን መሥራት ዛሬ ብዙ ወጣቶች የሚችሉት ሙያ ሆኗል። ከመሣሪያው ጋር የሚሄደውን መመሪያ ግን በሚገባ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔም ጊዜያችሁን የምወስደው በዚህ ላይ ነው። እምነቴን ከመነሻው ልናገር፦ በእንዲህ ያለ መሣሪያ መመሪያው የመልሱ አካል ነው። ቁጥሩን ማን እንዳቀረበው፣ የየትኛው ቀን እንደሆነ፣ በየትኛው ግዴታ መነሻነት እንደቀረበና ምንን እንደማይጨምር ካልተነገረ፣ ቁጥሩ በራሱ ትክክል ሆኖ ሳለ አንባቢውን ያሳስታል፤ አንባቢውም በዚያ ቁጥር ተማምኖ ጥሪቱን ሊያውል ይችላል።

ምሳሌዎቼን የምወስደው ከአሜሪካ ነው፤ እዚያ መግለጫዎቹ ለማንም ሰው በነፃ ክፍት ሆነው ለብዙ ዓመታት ተከማችተዋልና። እ.ኤ.አ. በ1934 በወጣው ሕግ የተቋቋመው የሰነደ መዋዕለ ንዋይና ግብይት ኮሚሽን፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መግለጫዎችን ኤድጋር በተባለ የኤሌክትሮኒክ ማኅደር ይቀበላል። ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ኢንተርኔት ያገኘ ተማሪ ኒው ዮርክ የተቀመጠ የባንክ ባለሙያ የሚያየውን ሰነድ ሳይከፍል ያያል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰነዱን ማየትና ሰነዱን መረዳት ግን ለየቅል ናቸው።

ባለቤትነትን የሚመለከቱት ዋነኛ መግለጫዎች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው ፎርም 13ኤፍ ነው። በኮሚሽኑ ዝርዝር ውስጥ ከሚገኙ አክሲዮኖች ቢያንስ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጡትን የሚያስተዳድር ተቋም፣ እያንዳንዱ ሩብ ዓመት ካለቀ በኋላ በ45 ቀን ውስጥ የያዘውን ዘርዝሮ ያቀርባል። ሁለተኛው መርሐ ሠንጠረዥ 13ዲ እና 13ጂ የሚባሉት ናቸው፤ የአንድን ኩባንያ የአክሲዮን መደብ ከ5 በመቶ በላይ የያዘ ሰው ወይም ቡድን የሚያቀርባቸው ሲሆኑ፣ 13ዲ በኩባንያው አመራር ላይ ተጽዕኖ ለማሳደር ለሚያስብ፣ 13ጂ ደግሞ በአመዛኙ እንዲህ ያለ ሐሳብ ለሌለው ባለይዞታ ነው። ሦስተኛዎቹ ፎርም 3፣ 4 እና 5 ናቸው። እነዚህን የሚያቀርቡት የኩባንያው ዳይሬክተሮች፣ ከፍተኛ ኃላፊዎችና ከ10 በመቶ በላይ የያዙ ባለአክሲዮኖች ሲሆኑ፣ ግዢና ሽያጭ የሚገለጽበት ፎርም 4 ግብይቱ በተፈጸመ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት።

እንግዲህ የመሣሪያው ሠሪ ብዙ ጊዜ የሚፈተነው እነዚህን ሦስቱን በአንድ ሠንጠረዥ ደርድሮ ከላያቸው «ባለቤት» የሚል አርእስት ለመስቀል ነው። ለዓይን ያምራል፤ ለመረዳትም ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሦስቱ መግለጫዎች የሚቆጥሩት አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። 13ኤፍ የሚጠይቀው በመዋዕለ ንዋዩ ላይ የመወሰን ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ነው። 13ዲ እና 13ጂ የሚጠይቁት ድምፅ የመስጠት ወይም የመሸጥ ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ሲሆን፣ በ60 ቀን ውስጥ አክሲዮን የማግኘት መብት ያለውንም ሰው አክሲዮኑን እንደያዘ ይቆጥሩታል። በፎርም 4 ላይ የሚሰፍረው መጠን ደግሞ የሚመዘነው ከአክሲዮኑ ጥቅም የሚያገኘው ማን ነው በሚለው ነው።

በጎዛምን ወይም በማቻከል አንድ ገበሬ የመሬት ይዞታ ደብተሩን ቢያወጣ የባልና የሚስት ስም በአንድነት ሰፍሮ ታገኛላችሁ። ማሳውን ግን በእኩል የተዋዋለ ጎረቤት ሊያርሰው፣ ምርቱም ለሁለት ሊከፈል ይችላል። «ይህ ማሳ የማን ነው?» የሚል ሰው የጠየቀው ስለ ደብተሩ ነው፣ ስለ ሞፈሩ ነው ወይስ ስለ ጎተራው? ሦስቱም እውነተኛ መልስ አላቸው፤ መልሶቹ ግን ይለያያሉ። በአሜሪካም በይፋ በተገበያዩ ኩባንያዎች የባለአክሲዮን መዝገብ ላይ አብዛኛው አክሲዮን ተመዝግቦ የሚገኘው ሲድ ኤንድ ኮምፓኒ በሚባል፣ አክሲዮኖችን በማዕከል የሚያስቀምጠው ተቋም ወኪል በሆነ ድርጅት ስም ነው፤ ድምፁም ጥቅሙም ግን የሌሎች ነው። በዚህ ምክንያት አንድ አክሲዮን በሁለት ወይም በሦስት አቅራቢዎች መግለጫ ውስጥ ሊታይ ይችላል። መመሪያው «በዚህ ሠንጠረዥ የሚገኙትን መጠኖች አትደምሩ፤ አንዱ አክሲዮን ከአንድ ጊዜ በላይ ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከሌለው፣ ተጠቃሚው ደምሮ ከመቶ በመቶ በላይ የተያዘ ኩባንያ ያገኛል።

ወደ ቀን ጉዳይ ልለፍ፤ ምክንያቱም በእኛ አገር ለሚጻፍ መመሪያ ይህ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል። አንድ የይዞታ መረጃ ቢያንስ ሦስት ቀኖች አሉት፦ ይዞታው የነበረበት ቀን፣ መግለጫው የቀረበበት ቀንና መሣሪያው መረጃውን ያስገባበት ቀን። እስከ ዲሴምበር 31 የነበረው ይዞታ በ13ኤፍ ላይ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ድረስ ላይታይ ይችላል፤ በመካከሉ ባሉት ሳምንታት ተቋሙ ሁሉንም ሸጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው «ይዟል» ከሚል ይልቅ «በዚህ ቀን ይዞ ነበር» ቢል ይሻላል፤ በአማርኛ ግሥ ውስጥ ያለችው ያቺ አንዲት «ነበር» ለተጠቃሚው ብዙ ጥፋት ታድነዋለች።

ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠሩ ይመጣል። ፌብሩዋሪ 14 ብዙውን ጊዜ የካቲት 7 ነው። ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን አንድ ቀን ይንሸራተታል፤ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2024 በእኛ የካቲት 6 ቀን 2016 ነበር። ስለሆነም በመመሪያው ላይ «የመጨረሻው ቀን የካቲት 7 ነው» ብሎ አንድ ጊዜ ጽፎ መተው አይበቃም። የመጀመሪያው ቀን እንደቀረበው ይቀመጥ፣ የእኛው ከጎኑ ተሰልቶ ይታይ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነም በየቦታው ይጻፍ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ኤድጋር አብዛኞቹን መግለጫዎች በዚያኑ ቀን እንደቀረቡ አድርጎ የሚመዘግበው በዋሽንግተን ሰዓት እስከ 5፡30 ከሰዓት በኋላ ድረስ ሲሆን፣ ይህን «5፡30» ብሎ ብቻ የጻፈ መመሪያ የጎጃም አንባቢን ወደ ረፋዱ ይወስደዋል። በእኛ አቆጣጠር ሰዓቱ በእነርሱ በጋ ከሌሊቱ 6፡30፣ በክረምታቸው ከሌሊቱ 7፡30 ይሆናል። ለሊቱን ሁሉ እስኪነጋ የትናንቱ ቀን አካል አድርጎ ለሚያስብ ሰው ደግሞ መግለጫው «ዛሬ» ቀረበ ወይስ «ትናንት» የሚለው ራሱ ማብራሪያ ይፈልጋል። የፎርም 4 መግለጫ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ መቅረቡን ወይም አለመቅረቡን ለሚያጣራ ተማሪ የአንድ ቀን ልዩነት ውጤቱን ይገለብጠዋል።

አሁን አንድ ዓምድ ብቻ ወስደን በቅርበት እንየው። በ13ኤፍ ላይ «ዋጋ» የሚባል ዓምድ አለ። በብዙ መሣሪያዎች ላይ የዚህ ዓምድ ማብራሪያ «የአክሲዮኑ ዋጋ» የሚል ሦስተኛ ቃል የሌለው ሐረግ ሆኖ ይገኛል። ይህ ማብራሪያ የዓምዱን ስም ደገመው እንጂ አላብራራውም። ከእኔ ጋር የሚሠሩ ወጣቶች ብዙ ከተወያዩበት በኋላ የጻፉት እንዲህ ይላል፦ «ዋጋ፦ ተቋሙ በሩብ ዓመቱ የመጨረሻ ቀን የያዘው የዚህ አክሲዮን ጠቅላላ የገበያ ዋጋ፣ በአሜሪካ ዶላር። ቁጥሩን ያቀረበው ተቋሙ ነው፤ እኛ አላሰላነውም። ከጃንዋሪ 3 ቀን 2023 በፊት የቀረቡ መግለጫዎች በሺህ ዶላር የተጻፉ ስለሆኑ መሣሪያው በ1,000 አባዝቶ ያሳያል፤ መጀመሪያ የተጻፈውን ለማየት «እንደቀረበው» የሚለውን ይጫኑ። ይህ ዓምድ ተቋሙ አክሲዮኑን በስንት እንደገዛው አያሳይም።»

በዚህ አጭር ማብራሪያ ውስጥ ያለውን ሥራ ልብ በሉት። 2 ሚሊዮን 500 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ይዞታ በድሮው አሠራር 2500 ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ከጃንዋሪ 3 ቀን 2023 ወዲህ ግን 2500000 ተብሎ ይጻፋል። የለውጡ መስፈርት መግለጫው የቀረበበት ቀን ነው፤ የሩብ ዓመቱ ቀን አይደለም። የዲሴምበር 31 ቀን 2022 ይዞታ የቀረበው በ2023 መጀመሪያ ስለሆነ በሙሉ ዶላር ነው፤ ስለ እ.ኤ.አ. 2021 የሚናገር ማሻሻያም ከዚያ ቀን በኋላ ከቀረበ እንዲሁ። በሩብ ዓመቱ ቀን እየለየ የሚያባዛ መሣሪያ አንዳንድ ይዞታዎችን አንድ ሺህ ጊዜ ያገዝፋቸዋል። «አክሲዮኑን በስንት እንደገዛው አያሳይም» የሚለው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ የተጨመረው ብዙ ሰው ዋጋውን በአክሲዮኑ ብዛት አካፍሎ «ይኸው የገዛበት ዋጋ» ስለሚል ነው። ያገኘው ግን በሩብ ዓመቱ መዝጊያ ቀን የነበረውን የገበያ ዋጋ ብቻ ነው።

የአክሲዮኑ ብዛት የሚለው ዓምድም የራሱ ጉድባ አለው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 መጨረሻ አፕል እያንዳንዱን አክሲዮን በአራት ከፈለ። የዋረን ቡፌት ኩባንያ በርክሻየር ሐታዌይ በዚያው ዓመት በጁን መጨረሻ ወደ 245 ሚሊዮን የሚሆን የአፕል አክሲዮን እንደያዘ ገልጾ ነበር፤ ስለ ሴፕቴምበር መጨረሻ ይዞታው ያቀረበው መግለጫ ወደ 944 ሚሊዮን ይላል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን የሚያሰላ መሣሪያ «በርክሻየር ይዞታውን ወደ አራት እጥፍ አሳደገ» ብሎ በአረንጓዴ ቀለም ያውጃል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው፦ 245 ሚሊዮኑ በአራት ሲባዛ 980 ሚሊዮን ያህል ስለሚሆን፣ ኩባንያው በዚያ ሩብ ዓመት ወደ 36 ሚሊዮን የሚሆን አክሲዮን ሸጧል። ከሁለቱ መግለጫዎች አንዱም አልዋሸም። ያሳሳተው በመካከላቸው የተደረገው ቅነሳ ነው፤ ቅነሳውን የሠራው መሣሪያው ስለሆነም ማብራራት ያለበት የመሣሪያው መመሪያ ነው። መሣሪያችን አክሲዮን ሲከፈል የቆየውን ቁጥር ያስተካክላል ወይስ እንደቀረበው ይተወዋል? የትኛውንም መምረጥ ይቻላል፤ ምርጫውን ሳይናገሩ ማለፍ ግን አይቻልም።

ከሁሉ በላይ ላተኩርበት የምፈልገው ባዶ ውጤት ነው። መሣሪያው «ምንም አልተገኘም» ሲል ተጠቃሚው የሚሰማው «የለም» የሚለውን ነው። በይዞታ መግለጫዎች ዓለም ግን የእነዚህ የሁለቱ ርቀት ሰፊ ነው። ተቋሙ የሚያስተዳድረው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በታች ስለሆነ ግዴታ ላይኖርበት ይችላል። ይዞታው ከ10,000 አክሲዮን በታችና ከ200,000 ዶላር በታች ስለሆነ በሕጉ መሠረት ሳይጻፍ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። አክሲዮኑ በውጭ አገር ገበያ ብቻ የሚሸጥ ሊሆን ይችላል። ይዞታው ሾርት የሚባለው፣ ማለትም የአክሲዮኑ ዋጋ ይወድቃል በሚል የተደረገ ሽያጭ ከሆነ ደግሞ 13ኤፍ ጨርሶ አይጠይቀውም፤ ስለዚህ አንድ ተቋም አንድን አክሲዮን በአንድ በኩል ይዞ በሌላ በኩል በሾርት ይወድቃል ብሎ ተወራርዶበት ቢሆን፣ መግለጫው የሚያሳየን የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ሦስት ባዶዎችን በስማቸው ልጥራ። በርክሻየር እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ቸብ የተባለውን የኢንሹራንስ ኩባንያ አክሲዮን ሲገዛ፣ ኮሚሽኑ ይዞታው ለጊዜው በምስጢር እንዲቆይ ፈቅዶለት ነበር። ይፋ የሆነው ሜይ 15 ቀን 2024 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ወደ 26 ሚሊዮን የሚጠጋ አክሲዮን ተከማችቶ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት «በርክሻየር ቸብን ይዟል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ያገኘው ባዶ ነው። ሁለተኛው የትዊተር ነው። ኢሎን ማስክ በማርች 14 ቀን 2022 የ5 በመቶውን መስመር አለፈ፤ በጊዜው ሕግ በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ይገባው ነበር፤ መግለጫው የቀረበው ግን ኤፕሪል 4 ሲሆን ይዞታው ወደ 9.2 በመቶ ደርሶ ነበር። ኮሚሽኑ በዚህ ጉዳይ በጃንዋሪ 2025 ክስ መሥርቷል። በማርች መጨረሻ ፍለጋ ያደረገ ሰው ያገኘው ባዶ የመሣሪያው ጉድለት አልነበረም፤ መግለጫው ራሱ ገና አልተወለደም ነበር። ሦስተኛው በማርች 2021 የወደቀው አርኬጎስ የተባለ የመዋዕለ ንዋይ ድርጅት ነው። ግዙፍ ይዞታውን የገነባው ከባንኮች ጋር በገባው የስዋፕ ውል (አክሲዮኑን ሳይዙ የዋጋውን ትርፍና ኪሳራ ብቻ በሚወስዱበት ውል) ስለነበር፣ አክሲዮኖቹ ይታዩ የነበሩት በባንኮቹ ስም ነው። ሲወድቅ ከባንኮቹ አንዱ የሆነው ክሬዲት ስዊስ ብቻውን ወደ 5.5 ቢሊዮን ዶላር አጣ። ማንም ቢፈልግ አርኬጎስን በባለይዞታነት አያገኘውም ነበር።

ስለዚህ ባዶ ውጤት የራሱ ጽሑፍ ይገባዋል። «ምንም አልተገኘም» የሚለውን ትተን፣ «እስከዚህ ቀን ድረስ በቀረቡትና ወደ መሣሪያው በገቡት መግለጫዎች ውስጥ በዚህ ስም የተመዘገበ ይዞታ አላገኘንም፤ ይህ ማለት ይዞታው የለም ማለት አይደለም» ብለን ምክንያቶቹ ወደተጻፉበት ገጽ እንምራው። ዓረፍተ ነገሩ ረዘመ ብላችሁ አትቁረጡት። ሰው ለውሳኔው የሚደገፈው ባገኘው ላይ ብቻ አይደለምና፤ ባጣውም ላይ ይደገፋል።

አንዳንዱ ባዶ ደግሞ ከእኛው ከሠሪዎቹ ይመጣል። የአፕል አክሲዮን መለያ ቁጥር፣ ኩሲፕ የሚባለው፣ 037833100 ነው፤ የበርክሻየር የአቅራቢነት ቁጥር 0001067983 ነው። ሁለቱም በዜሮ ይጀምራሉ። ፋይሉን በኤክሴል ስትከፍቱት ዜሮዎቹ ይረግፉና ፍለጋው ሰነዱን ሳያገኝ ይቀራል። «መለያ ቁጥሮችን እንደ ጽሑፍ ያንብቡ፤ እንደ ቁጥር አያንብቡ» የምትል አንዲት መስመር ለተማሪው የአንድ ከሰዓት በኋላ ድካም ታስቀርለታለች። እያንዳንዱ መግለጫ የሚታወቅበት ረጅም ቁጥርም አለ፤ በሰረዝ የተለያዩ አሥር፣ ሁለትና ስድስት አኃዞች አሉት። የመጀመሪያዎቹ አሥር አኃዞች ሰነዱን ያስገባውን ያመለክታሉ፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ለሌሎች የሚያስገባ ወኪል ድርጅት ነው። ያንን የባለአክሲዮኑ መለያ አድርጎ የወሰደ ሰው አንድ ወኪል የግማሽ ገበያው ባለቤት ሆኖ ይታየዋል። ስሞችም ይለወጣሉ፤ የፌስቡክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ሜታ ሆኗል። መሣሪያው የሚፈልገው በዛሬው ስም ነው ወይስ መግለጫው በቀረበበት ጊዜ በነበረው? ይህም ይጻፍ። የማሻሻያ መግለጫዎች ነገርም አለ፦ አንዳንዱ ማሻሻያ የቀድሞውን ሙሉ በሙሉ ይተካዋል፣ አንዳንዱ አዲስ ይዞታ ብቻ ይጨምርበታል፤ ሁለቱን በአንድ ዓይን ያየ መሣሪያ ወይ ይደግማል ወይ ያጠፋል።

ከኤድጋር በቀጥታ ለሚወስድ መሣሪያ ኮሚሽኑ ያወጣው የአጠቃቀም ደንብ አለ፤ በሰከንድ ከ10 ጥያቄ በላይ መላክ አይፈቀድም፤ ጠያቂው ፕሮግራምም ራሱን ማስተዋወቅ አለበት። በእኛ ከተማ መብራትና መስመር በሚቆራረጡበት ሁኔታ ግን ከዚህ የሚበልጥ ምክር አለኝ፦ ኮሚሽኑ የ13ኤፍ መረጃን በየሩብ ዓመቱ ጠቅልሎ በአንድ ፋይል ያወጣዋል፤ መስመር ባለበት ሰዓት አንድ ጊዜ አውርዶ መሥራት ይቻላል። መመሪያውም እንዲሁ በአንድ ፋይል ወርዶ ከመስመር ውጭ የሚነበብ ይሁን። ገጽ በገጽ እየተጫነ ካልሆነ የማይነበብ መመሪያ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት የለም።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ጉዳይ ነው የሚል ቢኖር፣ አይደለም እላለሁ። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ወጥቶ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። በጎጃም ከተሞች ከነጋዴው እስከ መምህሩ የባንክ አክሲዮን ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። የይዞታ መረጃ በየጊዜው ይፋ በሚሆንበት ጊዜ መፈለጊያ መሣሪያውን የሚሠራው ከእናንተ አንዱ ቢሆን አይገርመኝም። ያን ጊዜ ደግሞ አሜሪካኖቹ የማያውቁት ችግር ይጠብቃችኋል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም ጨምረንም እንኳ አንድ ዓይነት ሙሉ ስም ያላቸው ሰዎች ይበዛሉ። አንዱ ጸሐፊ ኃይሉ ብሎ የመዘገበውን ሌላው ሀይሉ፣ ሦስተኛው ሃይሉ ይለዋል፤ ፀሐይን ጸሃይ የሚል አለ፤ ዓለሙን አለሙ የሚልም አለ። ለእኛ ለአንባቢዎች አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን የተለያዩ ሰዎች ናቸው። መሣሪያው እነዚህን ፊደላት አንድ አድርጎ ይፈልጋል ወይስ ለያይቶ? አንድ ካደረጋቸው፣ በእውነት የተለያዩ ሁለት ሰዎችን እንዳያጋባ በምን ይለያቸዋል? ይህ የማብራሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ መጻፍ ያለበት ነው፤ የአንድን ሰው ሀብት ለሌላ ሰው መጻፍ በአክሲዮንም ሆነ በመሬት ቀላል ነገር አይደለምና።

መመሪያው በአማርኛ ይጻፍ ወይ ለሚለው፣ አዎ፣ ይጻፍ። የፎርሞቹን ስም እንዳሉ እንተዋቸው፤ ተጠቃሚው ዋናውን ሰነድ ሲፈልግ የሚያገኘው በዚያ ስም ነውና። ማብራሪያው ግን ሰው በሚያስብበት ቋንቋ ይሁን። ሂሳብ የሚያውቅ፣ ኮድ የማያውቅ ሰው አንብቦ የማይረዳው ማብራሪያ ካለ ጉድለቱን ከአንባቢው ላይ አንፈልግ።

የሚቀረኝ የጥገናው ጉዳይ ነው። ሕጉ ይለወጣል። የ13ዲ የመጀመሪያ መግለጫ ለብዙ ዓመታት በ10 ቀን ውስጥ ይቀርብ ነበር፤ ከፌብሩዋሪ 5 ቀን 2024 ጀምሮ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ሆኗል። የ13ጂ የጊዜ ገደብም ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ጀምሮ ተለውጧል። በመመሪያው ላይ «በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ይቀርባል» ብሎ የድሮውን ማጥፋት ስሕተት ነው፤ የ2022ን መግለጫ የሚመረምር ሰው በአዲሱ ሕግ የድሮውን ይከሳል። ሁለቱም ከነሚጀምሩበት ቀን ጎን ለጎን ይቀመጡ። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ገጹ ለመጨረሻ ጊዜ የታረመበት ቀንና ያረመው ክፍል ይጻፍ።

ለሚቀጥለው ሳምንት የምሰጣችሁ ሥራ ይህ ነው። ከኮምፒዩተር ሳይንስ አንድ፣ ከሂሳብ አያያዝ አንድ ሆናችሁ ሁለት ሁለት ሁኑ። የበርክሻየርን የአንድ ሩብ ዓመት 13ኤፍ አውርዱና ከዓምዶቹ አንዱን ምረጡ፤ የድምፅ መስጠት ሥልጣን የሚለውን ብትመርጡ ደስ ይለኛል፤ ብቻውን፣ በጋራና ምንም የሚሉ ሦስት ክፍሎች ስላሉት ብዙ ያከራክራል። ማብራሪያውን የኮምፒዩተር ሳይንሱ ተማሪ ይጻፍ፤ የሂሳብ አያያዙ ተማሪ ዋናውን ሰነድ ሳያይ፣ ማብራሪያውን ብቻ አንብቦ የአንድን ረድፍ ትርጉም በራሱ ቃል ይናገር። የተናገረውን ከሰነዱ ጋር አስተያዩና የተለያዩበትን ቦታ አስምራችሁበት አምጡ።